ስድስተኛው እጅ

ሐሙስ ኅዳር 15 ቀን 1970 ዓ.ም. መምህር ደገፋ የአሥራ አንደኛ ክፍል ደብተሮችን ታቅፎ ከትምህርት ቤቱ በር ሲወጣ ሰዓዲያን አጥር ተደግፋ አገኛት። ሰዓዲያ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ የበድሪ ሚስት ናት። ጫማ ያደረገችው በአንድ እግሯ ብቻ ነበር፤ ሌላውን የት እንደጣለችው እሷም አላወቀችም።

«በድሪን ወሰዱት» አለችው። «ከሞተሩ ቤት ጎትተው አወጡት።»

«እነማን?»

«የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ናቸዋ! እሁድ ሦስት ሰዓት ስብሰባ አለ፣ ሕዝቡ ይወስንበታል አሉ።»

ደገፋ ደብተሮቹን አጥብቆ ያዛቸው። የፈራው ነገር ደረሰ።

በድሪ የአሰበ ተፈሪን የውሃ ሞተር የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ናፍጣው ሁሉ ወደ ጦር ግንባር ሲሄድ ሞተሩ ዘጠኝ ቀን ቆመ። ቦኖዎቹ ደረቁ፤ ሰዉም ከከተማው በታች ካለው ወንዝ ይቀዳ ጀመር። ኅዳር 4 ቀን ናፍጣ ሲገኝ በድሪ ሞተሩን አስነሳና፣ አመሻሹ ላይ ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን የውሃ መድኃኒት ይዞ የታንከሩን መሰላል ወጣ። ሲወጣ ሰው አየው። በዚያው ሰሞን በታችኛው ሰፈር አምስት ልጆች በተቅማጥና በትውከት ሞቱ።

ወሬው ሲነሳ ትንሽ ነበር። ደገፋ መጀመሪያ የሰማው «በድሪ ታንከሩ ውስጥ ነጭ ነገር ጨመረ» ሲባል ነው። በማግስቱ ነጩ ነገር ከረጢት ሙሉ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ከረጢቱን የሰጠው ሰው ተገኘለት፤ ከሶማሊያ ጦር የተላከ ሰርጎ ገብ ነው ተባለ። በሳምንቱ ያንኑ ወሬ በአንድ ቀን ከአራት ሰዎች ሰማ። አራቱም «ብዙ ሰው ነው እንዲህ የሚለው» አሉት። ከማን እንደሰሙ አንድ በአንድ ሲጠይቃቸው አራቱም የሰሙት ከአንድ ሰው፣ ከቦኖው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ባለቤት ሆኖ ተገኘ።

«ትናገርለታለህ አይደል?» አለችው ሰዓዲያ። «የተማርክ ሰው ነህ፤ ይሰሙሃል።»

ደገፋ «ሕዝቡ ይወስናል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጥቅምት 20 ቀን በዚያው አዳራሽ የልብስ ሰፊው የሙሜ ጉዳይ ቀርቦ ነበር። ሙሜ ለሽምቅ ተዋጊዎች ልብስ ሰፍቷል ተባለ። ሊቀመንበሩ ጓድ በላቸው «እርምጃ ይወሰድበት የምትሉ እጃችሁን አንሱ!» ሲል አምስቱ አብዮት ጠባቂዎች አነሱ። ቀጥሎ አንዲት ትልቅ ሴት አነሱ፤ ከዚያ አሥር አሥራ አምስት ሰው፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ደገፋም አነሳ። ከእሱ በፊት ወደ ስልሳ እጅ ቆጥሯል፤ በግራው ያለው ሰው ሲያነሳ የእሱም ክንድ ሳያዘው ወጣ። ሙሜን በማግስቱ በጭነት መኪና ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ደገፋ ሳምንት ሙሉ ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ ነበር የሚሄደው።

«ብቻዬን ተነስቼ ብናገር ሁለተኛው ተከሳሽ እኔ ነኝ» አላት በመጨረሻ። «ሌላ ነገር ልሞክር።»

«ምን?»

«ገና አላወቅኩትም።»

ደገፋ በ1966 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ህንዳዊው መምህሩ የሰጡት የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አንድ አስተያየት ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚዛመት በሒሳብ ማስላት ነበር። ያኔ ለውጤት ብሎ የሠራው ነገር ከሙሜ ስብሰባ በኋላ ዕረፍት ነሳው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ያ ሰው እጁን ከማንሳቱ በፊት ስንት የተነሳ እጅ ማየት እንደሚፈልግ ይናገራል። ማንንም ሳይጠብቅ የሚያነሳ ሰው ቁጥሩ ዜሮ ነው። አንድ ሰው ሲያነሳ የሚደፍር፣ አንድ። የደገፋ ስልሳ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት ይህንኑ ክፍል ውስጥ ሞክሮት ነበር። ለአርባ ተማሪዎቹ ቁራጭ ወረቀት አደለና «የነገው ፈተና ይቅር ለማለት ስንት እጅ ሲወጣ ታነሳላችሁ?» ብሎ ቁጥራቸውን አስጻፋቸው። መልሳቸውን ሰሌዳው ላይ ሲደረድር ዜሮ ያለው አንድ ያለውን አስነሳ፣ አንድ ያለው ሁለት ያለችውን፣ እሷም ሦስት ያለውን፤ እንዲህ እንዲህ እያለ አርባውም እጅ ወጣ። ከዚያ «ሁለት» ብላ የጻፈችውን ልጅ ከክፍል አስወጣና እንደገና ጀመረ። ሁለት እጅ ላይ ቆመ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«አያችሁ፣ የሰላሳ ሰባታችሁ ልብ ቅድም እንደነበረው ነው» አላቸው። «የጎደለችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት።»

ያኔ ከኋላ አንድ ድምፅ «እንደ ቀበሌ ስብሰባ ማለት ነው?» ሲል ሳቁ ጠፋ። ደገፋ ሰሌዳውን ቶሎ አጠፋው።

ያን ሐሙስ ሰዓዲያን ቤቷ ካደረሰ በኋላ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰፊ ወረቀት ዘረጋ። የቀበሌውን ሰዎች በነጥብ፣ ስማቸውን በመጀመሪያው ፊደል አስቀመጠ። ከእያንዳንዱ ነጥብ ቀስት አወጣ፤ ይህ ሰው ግራ ሲገባው ማንን ያያል? የአምስቱ አብዮት ጠባቂዎች ቁጥር ዜሮ ነው፤ ነገር ግን ማንም ወደ እነሱ አያይም፤ ታዘው እንደሚያነሱ ሁሉም ያውቃል። ከራሱ አውቆ እንዳነሳ የሚቆጠረው ስድስተኛው ነው። የሙሜ ዕለት ስድስተኛዋ ማን ነበሩ? አዴ መይሙና። ጫት ከሂርና አምጥተው የሚያከፋፍሉት፣ በየሰፈሩ ጠብ ሲነሳ የሚጠሩት፣ ሰዉ «አዴ»፣ እናት፣ የሚላቸው መይሙና። ከእሳቸው ወስደው የሚቸረችሩት ሴቶች እሳቸውን ያያሉ፤ ሴቶቹን ባሎቻቸውና ጫኝ አውራጆቹ ያያሉ፤ እነሱን ደግሞ ቀሪው። ቀስቶቹን ጨርሶ ቀና ሲል ግማሽ ያህሉ እሳቸው ላይ አርፈዋል። እሳቸው እጃቸውን ካላነሱ አምስቱ አምስት ሆነው ይቀራሉ።

ችግሩ ከሞቱት አምስት ልጆች አንዷ፣ የአራት ዓመቷ ሙስሊማ፣ የአዴ መይሙና የልጅ ልጅ ነበረች።

አርብ ጠዋት ክፍሉን ለባልደረባው አስረክቦ ሂርና በምትሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈረ። ወረቀቱን ደብተር ውስጥ ከቶታል። አዴ መይሙናን አሰበ ተፈሪ ላይ ቢያናግራቸው ወዲያው ቀበሌው ይሰማል፤ ሂርና ግን አርብ ጫት ሊገዙ እንደሚሄዱ ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም ልብ አይልም።

ኬላው ላይ ወታደሮች ተሳፋሪውን አስወርደው ፈተሹ። አንዱ ደብተሩን ገልጦ ወረቀቱን አወጣ።

«ይሄ ካርታ ነው?»

«ሒሳብ ነው።»

«ሒሳብ ከሆነ ኤክሱ የታል?»

ደገፋ ጣቱን መሃል ላይ ያለው ፊደል ላይ አሳረፈ። «ይኸው፤ መ ናት። አሁን በራሳችን ፊደል ነው የምናስተምረው።»

ወታደሩ ወረቀቱን አዙሮ አየው፤ ገልብጦ አየው። «እኔ ከስምንተኛ ያቋረጥኩት በዚህ በሒሳብ ነው» አለና መለሰለት። መኪናው ሲነሳ ደገፋ ሸሚዙ ጀርባው ላይ እንደተጣበቀ አወቀ።

አዴ መይሙናን ሂርና ገበያ ዳር ጥላ ሥር አገኛቸው። የጫት ዙርባዎችን በሙዝ ቅጠል እየጠቀለሉ ያስሩ ነበር። በኦሮምኛ ሰላም አላቸው፤ የወለጋ አነጋገሩን ሲሰሙ እንደ ሁልጊዜው ፈገግ አላሉም።

«ለበድሪ ነው የመጣኸው» አሉት ሥራቸውን ሳያቆሙ። «ጎረቤትህ ነው።»

«አዎ፣ አዴ።»

«እንግዲያው ተመለስ። ልጄን በእጄ ነው የቀበርኳት።»

ደገፋ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከመንገድ ጀምሮ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። «አላህ ይርሐማት» አለ፤ ከዚያ ዙርባ አቀበላቸው፤ ተቀበሉት። ሌላ አቀበላቸው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት» አለ። «ሙስሊማ የታመመችው በየትኛው ቀን ነው?»

«ቀን ምን ያደርግልሃል?»

«በድሪ መድኃኒቱን ታንከሩ ውስጥ የጨመረው እሁድ፣ ሞተሩ የተነሳ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ቀን ታንከሩ ባዶ ነበር።»

«የሞተችው ማክሰኞ ነው። ከእሁድ በኋላ።»

«የታመመችውስ?»

የአዴ መይሙና እጅ ቋጠሮው ላይ ቆመ። «ሐሙስ…» አሉ። ከዚያ «ሂን ቤኩ፣ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ ለእሱ ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል፣ «ሌሊቱን አስመለሳት። ጠዋት ጨርቋን ላጥብ ቦኖ ሄድኩ። ቦኖው ደርቆ ነበር። ከወንዝ በቀዳሁት ውሃ ነው ያጠብኩት፤ ያው የዋዜማው ውሃ እንስራው ውስጥ ነበር…»

ቃሉን ሳይጨርሱት ፊታቸው ተለወጠ። ደገፋ ሊያይ ያልፈለገውን ነገር አየ። ዙርባው ከእጃቸው ወደቀ።

«ከዚያ እንስራ ነው ያጠጣኋት» አሉ። «ቀድቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«አዴ፣ ከተማው ሁሉ ከወንዝ ነው የቀዳው። ሌላ ውሃ አልነበረም።»

«ዝም በል!»

ደገፋ የወደቀውን ዙርባ አነሳላቸው። አንድ ገዥ መጥቶ ዋጋ ጠየቃቸው፤ በእጃቸው ምልክት አባረሩት። ከዚያ «ታዲያ ይህን ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?» አሉ። «ለሊቀመንበሩ አትነግረውም?»

«ሊቀመንበሩን ማንም አያየውም። ሰው የሚያየው እርስዎን ነው።» ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋላቸው፤ የትኛው ነጥብ የማን እንደሆነ፣ ቀስቶቹ ወዴት እንደሚሄዱ አስረዳቸው። ሲያስረዳ ድምፁ ሞቅ አለ፤ ክፍል ውስጥ ያለ መሰለው።

አዴ መይሙና ፊደል አይቆጥሩም፤ ወረቀቱን ግን ከእሱ ቀድመው አነበቡት።

«መሃል ያለሁት እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

«ይቺ ደግሞ ቸርቻሪዋ ፋጤ። ይሄ የጫኝ አውራጆቹ አለቃ።»

«አዎ፣ አዴ።»

«መምህር» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህን ወረቀት ጓድ በላቸው ቢያገኘው መጀመሪያ የማንን በር ያንኳኳል?»

ደገፋ ወረቀቱን አየ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሲያየው ይህን አላየም ነበር። መሃል ያለችውን ነጥብ አንስተህ ብትወስዳት ቀሪዎቹ ቀስቶች የሚያርፉበት የላቸውም። ሰው ለማዳን የሳለው ሥዕል ሰው ለመልቀም ይሆናል።

«አጥፋው» አሉት። «እሁድ ስለማደርገው ምንም አልነግርህም። ዋላሂ፣ እኔም አላውቀውም። ሂድ አሁን።»

ሊያጠፋው ነበር። ነገር ግን በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ እውነት የመሰለው ሥራ ይህ ነበርና፣ እስከ ነገ ብሎ አጣጥፎ ካልሲው ውስጥ ከተተው።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ከቀበሌ ጠሩት። ጓድ በላቸው ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነው። አውራጃው ስለሞቱት ልጆች ውጤት አምጣ እያለ በየቀኑ ይደውልበታል ይባላል።

«ጓድ መምህር፣ ተቀመጥ። ማን ማንን እንደሚከተል በቁጥር ታስተምራለህ አሉ።»

ደገፋ ካልሲው ውስጥ ያለው ወረቀት እሳት ሆኖ ተሰማው። «የክፍል መልመጃ ነው።»

«ጥሩ መልመጃ ነው። ለዚህ ቀበሌ ሥራልኝ። የትኛውን ሰው ብናነሳ ሌላው ዝም እንደሚል ማወቅ እፈልጋለሁ። ስምና ቁጥር ብቻ።»

«ይህ… ጊዜ ይፈልጋል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ጊዜ የለንም። ወረቀት ይኸው፤ እዚሁ ጀምር።» ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ «ደብተሩንም ኪሱንም እዩልኝ፤ ጀምሮት ይሆናል» አለ።

አብዮት ጠባቂው ደብተሩን ገጽ በገጽ ገለጠ። ኪሱን ገለበጠ፤ ጠመኔና መሐረብ ወጣ። ደገፋ ድንገት ሆዱን ይዞ ጎንበስ አለ። «ይቅርታ፣ ሽንት ቤት… ከትናንት ጀምሮ ሆዴን አሞኛል።»

በዚያ ሰሞን ሆድ ሕመም ሲባል ማንም መጠጋት አይፈልግም። ሊቀመንበሩ ፊቱን አዞረ። «ውሰደው» አለ።

ሽንት ቤቱ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ጠባቂው ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ። ደገፋ ወረቀቱን ሲያወጣ ቆርቆሮው ድምፅ የሚሰጥ መስሎት ትንፋሹን ያዘ። ቢቀድደው ይሰማል። በላብ ረጥቦ ስለለሰለሰ ጨመቀውና ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቀው። ሲመለስ ሆዱን እንደያዘ ተቀመጠ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አልዋሽዎትም» አለ። «የልጆች ጨዋታ ነው። ለአዋቂ ሰው አይሠራም።»

ጓድ በላቸው «ነገ እናየዋለን» አለ። «ነገ ከፊት ትቀመጣለህ፣ ከአምስቱ ጓዶች ቀጥሎ። መምህር አርአያ ነው፤ እጅህን ሕዝቡ ይይ።»

ደገፋ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነገሩ ገባው። ስልሳ እጅ ከፊቱ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ነገ ከፊቱ አምስት ብቻ ነው ያለው፤ ከኋላው ደግሞ ሦስት መቶ ሰው ጀርባውን እያየ ይቀመጣል። ስድስተኛው እሱ ነው።

እሁድ ሦስት ሰዓት፣ እንደ ወትሮው ቢሆን ደገፋ ቤተ ክርስቲያን ከምእመናን ጋር የሚዘምርበት ሰዓት፣ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። አዳራሹ ድሮ የቡና መጋዘን ነበር፤ መስኮት የለውም። በድሪን በጎን በር አስገቡት። ከንፈሩ አብጧል፤ በግራ እግሩ ይረግጥ የነበረው በጣቶቹ ብቻ ነው። ሰዓዲያ ከኋላ ስሙን ስትጠራ አፏን አፈኗት።

ሊቀመንበሩ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ሰርጎ ገቦች፣ ስለ አምስቱ ሕፃናት ተናገረ። ስለ ሕፃናቱ ሲናገር ድምፁ በእውነት ተሰበረ፤ ደገፋን ይበልጥ ያስፈራው ይህ ነበር።

«በዚህ ከሀዲ ላይ እርምጃ ይወሰድ የምትሉ፣ እጃችሁን አንሱ!»

አምስቱ ከአጠገቡ አነሱ። የመጨረሻው ክርን ትከሻውን ነካው። ደገፋ ሁለት እጆቹን ጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠባቸው። ከኋላው አንድም ልብስ ሲንኮሻኮሽ አይሰማም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ትንፋሹን ቆጠረ።

«ጓድ መምህር!»

ተነሳ። ድምፁ ቀጥኖ ወጣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጆቹ መቼ እንደታመሙ ይጣራ። ውሃው…»

«ለሰርጎ ገብ የሚከራከር ማን እንደሆነ ሕዝቡ ያውቃል! ተቀመጥ!»

ተቀመጠ። ያኔ ከኋላው ጉርምርምታ ሰማና ዞረ። በግድግዳው በኩል አንድ እጅ ወጥቷል። አብዶ ነው። የበድሪ ታናሽ ወንድም አብዶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። ደገፋ ወረቀቱ ላይ ለአብዶ ነጥብ እንኳ አላደረገለትም ነበር፤ ወንድሙ ነውና ከቶ አያነሳም ብሎ። ሰው ለራሱ ነፍስ ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ ረስቶ ነበር።

«የገዛ ወንድሙ!» አለ አንድ ሰው። «ወንድሙ ካነሳማ እውነት ነው።»

ሰባት። አሥር። ከጫኝ አውራጆቹ በኩል አሥራ አምስት፣ ሃያ። ደገፋ ያሰበው ሁሉ ዓይኑ እያየ ፈረሰ። እጆቹ እየተያዩ ይወጣሉ፤ ወደ ሴቶቹም ረድፍ እየገቡ ነው። በድሪ ወንድሙን እያየ ነበር። ሌላ ማንንም አያይም።

አዴ መይሙና ተነሡ። እጃቸው አልተነሳም፤ ራሳቸው ናቸው የተነሡት።

«ጓድ ሊቀመንበር» አሉ በአማርኛ። «ሙስሊማ የእኔ ልጅ ናት። የታመመችው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ቀን ሞተሩ ቆሞ ነበር፤ ታንከሩ ውስጥ ጠብታ አልነበረም። የወንዝ ውሃ ነው የጠጣችው። ያጠጣኋትም እኔ ነኝ።»

የወጡት እጆች ባሉበት ቀሩ። አንዲት ሴት «ወይኔ!» አለች።

«እናቴ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርዎት…» ሲል ሊቀመንበሩ ጀመረ። አዴ መይሙና ግን ፊታቸውን ወደ ሴቶቹ መልሰዋል፤ ቋንቋውንም ወደ ኦሮምኛ። በፈጣን፣ በገበያ ድምፅ ነበር የሚናገሩት። «ፋጤ፣ የአንቺ ልጅ መቼ ጀመረው?» ከሞቱት ልጆች የአንዱ እናት ፋጤ የተነሳ እጇን ሳታወርድ «አርብ» አለች። «የትኛው አርብ?» «ከእሁዱ በፊት ያለው… ውሃ ሳይመጣ።» «ከየት ቀዳሽለት?» ፋጤ በመልስ ፈንታ እጇን አውርዳ ፊቷን ሸፈነችበት።

«ምን እያለች ነው?» አለ ሊቀመንበሩ ለደገፋ። ኦሮምኛ አይሰማም።

«ልጆቹ የታመሙበትን ቀን እየጠየቁ ነው» አለ ደገፋ። «እናቶቹም እየመለሱ ነው።»

ሌላዋ እናት ተነሥታ ሳትጠየቅ ቀኗን ተናገረች። ከዚያ አንድ አባት። እጆቹ በአንዴ አልወረዱም። አንዱ ራሱን የሚያክ መስሎ አወረደ፤ ሌላው ነጠላውን የሚያስተካክል መስሎ። አንዳንዶቹ እስከ መጨረሻው አላወረዱም፤ አምነው ይሁን ፈርተው ማን ያውቃል። አብዶ ግን ማውረድ አቃተው። ክንዱ እንደተዘረጋ፣ እንባው አገጩ ላይ እየወረደ ቆሞ ቀረ፤ ከጎኑ ያለው ሽማግሌ በሁለት እጁ ይዞ አወረደለት።

ጓድ በላቸው ቆጠረ። ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ «ጉዳዩ ለአውራጃው ይተላለፋል፤ ስብሰባው ተበትኗል!» አለና በጎን በር ወጣ።

በድሪን ያን ዕለት አልለቀቁትም። አውራጃው እስር ቤት አራት ወር አስቀመጠው፤ መጋቢት ውስጥ ሌላ ሞተሩን የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ ፈትተው ወደ ሥራው መለሱት። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። አዴ መይሙናን አሥራ አንድ ቀን አስረው ለቀቋቸው። ከታችኛው ሰፈር «ተሳስተን ነበር» ያለ ሰው የለም፤ ከሻይ ቤቱም ሌላ ወሬ ተጀመረ። ደገፋ በሳምንቱ ወደ ገለምሶ መዛወሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰው። ከመሄዱ በፊት ሙሜ ቤት ሄዶ ለሚስቱ እጁን ከስልሳዎቹ በኋላ እንዳነሳ ነገራት። ሴትዮዋ ሰምታው ስታበቃ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችበት።

ሰኔ ላይ አዴ መይሙና ለጫት ገለምሶ መጡና ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደው ጠሩት። አጥር ሥር ተቀመጡ። ከስተዋል።

«አብዶ ድሬዳዋ ሄደ» አሉት። «ማንም አላባረረውም። በድሪ ቤቱ ጠርቶ አብልቶት ነበር፤ እሱ ግን በማግስቱ ሄደ።»

«ስብሰባውስ? እንደበፊቱ ነው?»

«እጅ ማስነሳት ትተዋል። አሁን መዝገብ አላቸው፤ በስም እየጠሩ፣ አንድ በአንድ እያስቆሙ ነው የሚጠይቁን።»

ደገፋ መልሱን እያወቀ ጠየቃቸው። «መጀመሪያ የሚጠሩት ማንን ነው?»

«እኔን ነዋ።»

«ምን ይላሉ ታዲያ?»

አዴ መይሙና ወደ መንገዱ አዩ። የሚመለሱበት የጫት መኪና ተጭኖ ጥሩንባ ይነፋ ነበር።

«ሁለት ጊዜ ተጠርቻለሁ» አሉ። «አንዴ አይሆንም አልኩ። አንዴ ፈራሁ።»

ሲነሡ ደገፋም አብሮ ተነሣ። የቀራቸውን ዙርባ ተሸከመላቸውና ሳይነጋገሩ እስከ መኪናው ድረስ ሸኛቸው።